ከፖሊሲው ውጪ የቀረ ገደብ፦ የንግድ ሕግ ቁጥር 658 እና ሽፋንን የሚያጠብቡ አንቀጾች

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የ1952ቱን የንግድ ሕግ ሰፊ ክፍል ሲተካ የኢንሹራንስን ክፍል አልነካም። ስለዚህ የኢንሹራንስ ፖሊሲ ይዘት ዛሬም የሚገዛው በቀድሞው ሕግ ቁጥር 658 ነው። በድንጋጌው መሠረት ፖሊሲው ቀን ይጻፍበታል፤ ውሉ የተደረገበትን ቦታ፣ የተዋዋዮቹን ስምና አድራሻ፣ መድን የተገባለትን ንብረት ወይም ሰው፣ የአደጋውን ዓይነት፣ የዋስትናውን ገንዘብ ልክ፣ አረቦኑንና የውሉን ዘመን ይገልጻል።

ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ምን እንደሚከተል ግን ቁጥሩ ራሱ አይናገርም። የሁሉም ጉድለት ክብደት እኩል ነው ማለት አይቻልም። የቦታው ስም መቅረት በሌላ ማስረጃ ሊሟላ የሚችል ጉዳይ ነው። የአደጋው ዓይነት ካልተገለጸ ግን የመድን ሰጪው ግዴታ መለኪያ ያጣል፤ በቁጥር 663 መሠረት ዋስትናው የሚሰጠው በፖሊሲው ለተመለከተው አደጋ ነውና።

አስቸጋሪው ጥያቄ ሽፋንን የሚያጠብቡ አንቀጾችን ይመለከታል፤ የቁጥር 658 ዝርዝር በስም አይጠራቸውም። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለሸቀጡ የእሳት መድን ገባ እንበል። ፖሊሲው «እሳት» ይላል፤ በኤሌክትሪክ ብልሽት የተነሣ እሳት እንደማይካስ የሚገልጸው ግን ለነጋዴው ያልተሰጠ አባሪ ነው። ነጋዴው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686ን ሊጠቅስ ይችላል፦ አንዱ ወገን ያዘጋጃቸው አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት ዐውቆ ከተቀበላቸው ነው። ይሁንና ሁኔታዎቹ በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ ከሆኑ ይህ መከላከያ አይሠራም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የተሻለው መንገድ ቁጥር 658 ራሱ ነው። መድን ሰጪው አባሪው የአደጋውን ወሰን የሚያመለክት እንጂ ኃላፊነትን የሚያስቀር አይደለም ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ክርክሩ ግን በራሱ ላይ ይዞራል፤ ወሰኑ የአደጋው ዓይነት አካል ከሆነ በፖሊሲው ውስጥ መጻፍ ነበረበት።

አባሪው ተሰጥቶ፣ ነገር ግን ዐይን በማይለየው ደቃቅ ፊደል ቢታተምስ? እዚህ ላይ የቁጥር 658 ዝርዝር አይረዳንም። የንግድ ሕጋችን አርቃቂ ዣን ኤስካራ አገር የሆነችው ፈረንሳይ ሽፋንን የሚያስቀር አንቀጽ የሚጸናው ጎልቶ በሚታይ ፊደል ሲጻፍ ብቻ መሆኑን በኢንሹራንስ ሕጓ ደንግጋለች። የኢንሹራንሱ ክፍል የሚሻሻልበት ጊዜ ሲመጣ ይኸው መስፈርት በቁጥር 658 ላይ በአንድ ንኡስ አንቀጽ ሊታከል ይችላል።