የጓያ ጥቅምና ጉዳት፤ በምግብ አሠራር ስለሚገኝ ጤንነት

ምግብ ለሰው ልጅ የሥራ ኃይልን ብቻ ሳይሆን የልብ ዕረፍትንም ይሰጣል። በጎታው እህል ያለው ቤተሰብ የነገውን ሳይፈራ ያድራል፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲበላም ፍቅሩ ይጸናል። ይሁን እንጂ ጤንነት እህል በመኖሩ ብቻ አይገኝም። እህሉ እንዴት እንደ ተሰናዳና ከምን ጋር እንደ ተበላ ማወቅም ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ አዝርዕት መካከል ይህን ከጓያ ይልቅ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

ጓያ የክረምቱ ዝናም ሊያበቃ ሲል በመረሬ መሬት ላይ ይዘራል። ውኃ የተኛበትን መሬት ይችላል፤ ዝናሙ ከቆመም በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ብዙ ድካምና ወጪ አይጠይቅም፤ የአፈሩንም ለምነት ይጠብቃል። ፍሬው ገንቢ ምግብ የሆነውን ፕሮቲን በብዛት ይዟል። ስለዚህ ስንዴውና ጤፉ በድርቅ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ለድኃው ገበሬ የሚተርፈው ጓያ ነው። በክፉ ቀን ስንቱን ቤት ከረኃብ አድኗል።

ነገር ግን በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ጓያ ከዕለት ምግብ ከሲሶ በላይ ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወር ያለማቋረጥ ከተበላ ይህ መርዝ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። የታመመው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ጡንቻው ይገተራል፤ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሕመሙ የጸናበት ደግሞ በእጁ እየዳኸ ይቀራል። አእምሮው ደኅና ነው፤ እግሩ ግን ዳግመኛ አይመለስም። ይህን ሕመም የሚፈውስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይልቁንም የሚያጠቃው የቤቱን እርሻ የሚሸከሙትን ወጣት ወንዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976ና በ1977 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1997 ደግሞ በወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ሕመም ተጎድተዋል።

በአንዳንድ አገር ሕመሙ የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም ገለባውን ከመርገጥ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ጉዳቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴቲቱ ከገዛ ምድጃዋ እንፋሎት እየሸሸች በፍርሃት ትኖራለች። ሁለተኛ፣ ከእንፋሎቱ የተጠነቀቀ ሰው የዳነ መስሎት ጓያውን ብቻውን ይበላል። ሕመሙ ተላላፊም እርግማንም አይደለም። ስለዚህ የታመመውን ሰው ከጎረቤት መለየትና ማሳፈር በሥጋው ላይ ከደረሰው ጉዳት ሌላ የልብ ቁስል መጨመር ነው።

ሊቃውንት በሕመሙ አገር ተዘዋውረው ባደረጉት ምርመራ የአበሳሰሉ ነገር ትልቅ ልዩነት እንዳለው ተረድተዋል። ጓያን በእሸትነቱ፣ በቆሎነቱና በንፍሮነቱ አብዝተው የሚበሉት ይበልጥ ተጎድተው ተገኝተዋል። ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆና ቦክቶ በእንጀራነት የተበላው፣ ወይም በሽንኩርትና በቅመማ ቅመም በወጥነት የተሠራው ግን አደጋው ያነሰ ሆኗል። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። የጓያ ፕሮቲን ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል፤ እነዚህም ሰውነት መርዙን እንዲቋቋም የሚረዱ ናቸው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላ ጓያ የጎደለውን ይሰጡታል፤ ጓያም እነርሱ የጎደላቸውን ይመልስላቸዋል።

እንግዲህ ጓያ የሚበላ ቤተሰብ የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

1ኛ. ጓያ ከዕለቱ ምግብ ሲሶውን እንዳያልፍ መጠንቀቅ፤ ለአንድ እጅ ጓያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ሌላ እህል መደባለቅ።

2ኛ. ከመብሰሉ በፊት በብዙ ውኃ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፤ ውኃውንም እየደፉ ደጋግሞ ማጠብ። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ከፊሉ አብሮ ይወጣል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ግን ለወጥ ማዋል አይገባም። ይህም መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውምና የመጀመሪያውን ትእዛዝ አይተካም።

3ኛ. ለእርሻና ለእረኝነት ለሚሄደው ወጣት የጓያ ቆሎ ብቻ አለመሰነቅ። ቂጣ ወይም የሌላ እህል ቆሎ ቢጨመርለት መልካም ነው።

4ኛ. በመከር ጊዜ ስንዴውንና ጤፉን ሁሉ ሸጦ ጓያውን ብቻ ለቤት አለማስቀረት። ለመደባለቂያ የሚሆን እህል አስቀድሞ በጎታ መለየት ያስፈልጋል።

5ኛ. እግሩ የከበደው ወይም ጡንቻው የሚኮማተር ሰው ቢታይ ወዲያው ጓያ መብላቱን አስትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ።

ለሹማምንትም በዚህ ጉዳይ ትልቅ ድርሻ አለ። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1961 በብዙ ክፍለ ግዛቶች የጓያ ሽያጭ ተከልክሎ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፤ በድርቅ ጊዜ የሚተካለት እህል የለውምና። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አይበቃም። ዝናም ባጠረበትና ጓያ ብቻ በበቀለበት ወረዳ የእርዳታ እህል ሁለት ወር ሳያልፍ ቢደርስ፣ ሆድን ከመሙላቱ ሌላ ከጓያው ጋር ተደባልቆ እግርን ያድናል። ዘግይቶ የደረሰ እህል ረኃቡን ያስታግሳል፤ የተሰበረውን እግር ግን አያቆምም። በኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ሥራም መርዙ ያነሰበት ዋሴ የተባለ የጓያ ዘር ለገበሬዎች ቀርቧል። የመርዙ መጠን ግን እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ይህን ዘር የሚዘራውም ሰው የአሠራሩን ጥንቃቄ መተው የለበትም።

ጓያ በአስተዋይ እጅ ሲሠራ ወገን ነው፤ ብቻውን ሲበላ ግን ጠላት ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የመዘፍዘፊያ ውኃና ሁለት እፍኝ እህል ነው። ይህን ያወቀች የቤት እመቤት በገበታዋ ዙሪያ የሚቀመጡትን ልጆች ሳትፈራ ታበላለች፤ ልጆቿም በእግራቸው ቆመው ያርሳሉ።