በአቃቂ ቃሊቲ የእንግዴ ልጅ እክሎች ስርጭትና ተጋላጭነት

የእንግዴ ልጅ የማኅፀንን በር ሲሸፍን ፕላሴንታ ፕሪቪያ፣ ከወሊድ በፊት ከማኅፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ደግሞ አብራፕሽን ይባላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያው ከ1,000 እርግዝና በ5 ገደማ፣ ሁለተኛው ከ100 በ1 ገደማ ይከሰታል። የአቃቂ ቃሊቲን ስርጭት በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መዝገብ ብቻ መገመት ግን ያሳስታል፤ ደም የሚፈሳቸው እናቶች ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስለሚላኩ ምጣኔው ከነዋሪው እውነታ በላይ ጎልቶ ይታያል።

አብራፕሽን በይበልጥ ከደም ግፊትና ከሆድ ጉዳት ጋር ይያያዛል። ለፕሪቪያ የእናት ዕድሜና የወሊድ ብዛት ይጠቀሳሉ፤ በአዲስ አበባ ግን ዋናው ጥያቄ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ሕክምና የተከናወነ ወሊድ በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በከተማዋ 21 በመቶ ገደማ ነበር። በጠባሳ ላይ ያረፈ የእንግዴ ልጅ ወደ ማኅፀን ጡንቻ ዘልቆ ሊጣበቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ፕሪቪያ ኖሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከወለዱት 3 በመቶው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከወለዱት ደግሞ 40 በመቶው ይህ ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ጠባሳ ያላት ነፍሰ ጡር የእንግዴ ልጅዋ የተቀመጠበት ስፍራ ከምጥ በፊት በአልትራሳውንድ ሊታወቅ ይገባል፤ ደም እየፈሰሳት ከመጣችም ይህ ሳይረጋገጥ በጣት መመርመር የለባትም።