አህጉራዊ የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ለማስተናገድ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ዩኒቨርሲቲዎ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪ የሚቀበል የማስተርስና የዶክትሬት ፕሮግራም እንዲያስተናግድ ታጭቷል እንበል። እርስዎ ዲን፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ወይም የፕሮጀክት አስተባባሪ ነዎት፤ የስምምነቱ ረቂቅም ደርሶዎታል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚያየው የገንዘቡን መጠንና የሚገዛውን የላቦራቶሪ ዕቃ ነው። የክትትልና ግምገማው ሠንጠረዥ ግን ከሰነዱ መጨረሻ፣ አባሪ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ ማንበብ ያለብዎ እሱን ነው። ፕሮግራሙ ምን እንደሚቆጥር እዚያ ይወሰናል፤ መምህራኑና አስተዳደሩም ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚሮጡት ለሚቆጠረው ነገር ነው።

ቅርብ ምሳሌ አለን። የዓለም ባንክ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላትን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በስምንት አገሮች 24 ማዕከላትን ደገፈ። ከእነዚህ አራቱ የኢትዮጵያ ናቸው፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ምርምር፣ የውሃ አስተዳደርና የባቡር ማዕከላት፣ በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአየር ንብረትን ያገናዘበ ግብርናና የብዝኃ ሕይወት ማዕከል። የሁለተኛውን ምዕራፍ ቀጣናዊ ማስተባበር የያዘው መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ነው። ከዚህ አሠራር የሚወሰዱትን ትምህርቶች እንደ መጠይቅ አቅርቤያቸዋለሁ።

1. ገንዘቡ የሚለቀቀው ምን ሲሆን ነው?

በልህቀት ማዕከላቱ አሠራር አብዛኛው ገንዘብ የሚለቀቀው ወጪ ስለወጣ ሳይሆን ውጤት ስለተረጋገጠ ነው። ተማሪ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ የጥራት እውቅና ሲያገኝ፣ የምርምር ጽሑፍ ሲታተም፣ ማዕከሉ ከውጭ ገቢ ሲያመጣ፣ የሒሳብና የግዥ ሥራው ሥርዓት ሲይዝ ይከፈላል። ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ ተማሪና ሴት ተማሪ የበለጠ ያስገኛሉ።

ስለዚህ ይጠይቁ፦ ውጤቱ ተረጋግጦ ገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ የተማሪውን የኪስ ገንዘብና የመኖሪያ ወጪ ማን ይሸፍናል? የፋይናንስ ክፍሉ ይህን ክፍተት ይችለዋል? ገንዘቡ ብድር ከሆነ ደግሞ የሚከፍለው አገር ነው። ያለ ዕቅድ ከተወሰደ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

2. «ውጤት» ያሉት የትኛውን ነው?

ሦስት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል፤ የሥራው ክንውን፣ የክንውኑ ውጤትና የረጅም ጊዜ ፋይዳው። 30 የዶክትሬት ተማሪ መቀበል ክንውን ነው። ከ30ዎቹ ስንቱ በጊዜው ጨርሶ፣ በሙያው ብቁ ሆኖ ወጣ የሚለው ውጤት ነው። በኪጋሊ ወይም በሊሎንግዌ ያለ የውሃ መሥሪያ ቤት በእነሱ እጅ ሥራው ተሻሻለ ወይ የሚለው ፋይዳ ነው። በሠንጠረዡ ያሉትን አመላካቾች አንድ በአንድ በእነዚህ ሦስት ዓምዶች ይደልድሏቸው። ሁሉም በመጀመሪያው ዓምድ ከተሰበሰቡ ሰነዱ ግቢው በተማሪ መሙላቱን እንጂ ትምህርቱ መሥራቱን አይለካም።

3. «ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ» ማለት ማን ነው?

ክፍያ የሚበላለጠው በዚህ ስለሆነ ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የደቡብ ሱዳን ዜግነት ያለው፣ ግን ለዓመታት ጋምቤላ በስደት የኖረ ተማሪ ይቆጠራል? ለአምስት ቀን ሥልጠና የመጣ የኬንያ ባለሙያና ለአራት ዓመት የመጣ የዶክትሬት ተማሪ በአንድ መስመር ይገባሉ? ከአገሩ ሆኖ በኢንተርኔት የሚማረውስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ከፊርማው በፊት ይኑርዎ። በኋላ የሚሰጥ ትርጓሜ ሁልጊዜ ወደ ከፋዩ ያደላል።

4. መነሻ መረጃ አለዎት?

ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ክፍሉ በዓመት ስንት ተማሪ ያስመርቅ ነበር? አንድ የዶክትሬት ተማሪ ለመጨረስ በአማካይ ስንት ዓመት ይወስድበት ነበር? ሴቶቹ ስንት ነበሩ፣ ያቋረጡትስ? እነዚህን ዛሬ ካልመዘገቡ ከአምስት ዓመት በኋላ «አድገናል» ቢሉ የሚያምንዎ አይኖርም። ሥራው የሬጅስትራሩን ያለፉ አምስት ዓመታት መዝገብ ማገላበጥን ብቻ ይጠይቃል፤ ገንዘብ እስኪመጣም አይጠብቅም።

5. የአንዱ ተማሪ ፋይል ምን ይመስላል?

ትልቁ ሪፖርት የሚቆመው በትንሿ ፋይል ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ከዛምቢያ መጣች እንበል። ፋይሏ ውስጥ የፓስፖርቷ ቅጂ፣ የቅበላ ደብዳቤዋ፣ የየሴሚስተሩ የምዝገባ ስሊፕ፣ የአማካሪዋ ስም፣ የሚሠራ ስልክና ኢሜይል መኖር አለበት። ከተቋሙ ኢሜይል ሌላ የግል ኢሜይሏንም ይያዙ፤ የተቋሙ ስትመረቅ ሊዘጋ ይችላል።

ለእኛ አገር ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሬጅስትራሩ «በ2010 የገባ» ብሎ የጻፈው ማስረጃ፣ በሌላ አገር ለተቀመጠ አረጋጋጭ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጀመረ ፕሮጀክት ስድስት ዓመት ቀድሞ የገባ ተማሪ ይመስለዋል። በእያንዳንዱ ሰነድ ሁለቱንም ዘመን ይጻፉ። ሁለተኛው ስም ነው። የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስም በፓስፖርት፣ በዲግሪና በታተመ ጽሑፍ ላይ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ይገባል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፤ የታተመ ጽሑፍም ባለቤት ያጣል። ስሙ በፓስፖርት እንዳለ ይጻፍ፤ የመለያ ቁጥሩም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ይሁን።

6. የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ሪፖርት ጸሐፊውና አረጋጋጩ አንድ ሰው ከሆኑ ማረጋገጫ የለም። ጥሩ አሠራር ውስጥ ገለልተኛ ወገን ከዝርዝሩ ናሙና ያወጣል፤ ለተማሪዎቹ ይደውላል ወይም ይጽፋል፤ ግቢውንም ይጎበኛል። «እየተማርክ ነው? መቼ ተመዘገብክ? አማካሪህ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለታተሙ ጽሑፎችም የማዕከሉ ስም ከደራሲው ስም ሥር በትክክል መጻፉን ያያል። ይህ ሲመጣ እንዳይደናገጡ እርስዎ ራስዎ በየሴሚስተሩ አሥር ፋይል በዕጣ አውጥተው፣ ለአሥሩም ደውለው ይፈትሹ። ስልክ የማያነሱት ስንት እንደሆኑ የመዝገብዎን ጤና ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይነግርዎታል።

7. እያንዳንዱ ቁጥር መቆጣጠሪያ አለው?

ክፍያ የተንጠለጠለበት ቁጥር ያድጋል፤ ጥራቱ አብሮ ማደጉን ግን ማንም አይዋስልዎትም። የዶክትሬት ተማሪ ብዛት ከተቆጠረ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደያዘ አብሮ ይቆጠር። የታተመ ጽሑፍ ከተቆጠረ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች አስቀድመው ይውጡ። የሴቶች ቅበላ ከተቆጠረ የሴቶች የምረቃ ምጣኔም ይቆጠር። በተለይ ይህ የመጨረሻው ሸክሙ የሰው ነው፤ ሴት ተማሪን ለቁጥር አስገብቶ የልጅ ማቆያ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ ማደሪያና የትንኮሳ አቤቱታ የሚሰማ አካል ሳያዘጋጁ መተው በደል ነው።

ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚሠራ አንቀጽም ይኑር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉና ድንበር ሲቆለፍ ከሌላ አገር ተማሪ መቀበል እንደማይቻል ሁሉም አይቶታል። ግቡ የሚሻሻልበት የአጋማሽ ግምገማ በስምምነቱ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

8. ከተመረቁ በኋላ ማን ይከተላቸዋል?

የአህጉራዊ ፕሮግራም ዋና ጥያቄ እዚህ ነው። ተማሪው ወደ አገሩ ተመለሰ? በተማረበት ሙያ ሥራ ይዟል? አሠሪው ስለ እሱ ምን ይላል? የተመራቂዎች ክትትል ጥናት ከምረቃ በኋላ በስድስተኛው ወርና በሁለተኛው ዓመት እንዲካሄድ በጀት ይያዝለት፤ ፈቃዳቸውንም ከመውጣታቸው በፊት በጽሑፍ ይውሰዱ። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1988 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ልብ ይባላል። ለዓመታት ያስተማራቸው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ዛሬ በየአገሩ ማዕከላዊ ባንኮች፣ ሚኒስቴሮችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ፋይዳ በአምስት ዓመት ፕሮጀክት ውስጥ አይታይም።

የዲግሪው ተቀባይነትም የውጤት አካል ነው። የአፍሪካ አገሮች አንዳቸው የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እንዲቀበሉ የሚያስችለው የአዲስ አበባ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 ጸድቆ በ2019 ሥራ ላይ ውሏል፤ ሁሉም አገሮች ግን አልተቀላቀሉትም። ተማሪዎ የሚመጣበት አገር ዲግሪዎን መቀበሉን ከመጀመሪያው ቅበላ በፊት በደብዳቤ ይጠይቁ።

9. ሥራውን የሚሠራው ሰው የታል?

ክትትልና ግምገማን ሙሉ የማስተማር ጫና ላለበት መምህር ደርቦ መስጠት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም ሪፖርት በሚላክበት ሳምንት የሚደረግ የሌሊት ፍለጋ ነው። የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ይቀጠር፤ የሬጅስትራሩን ዳታ የማየት መብት ይሰጠው። ያገኘውንም በየሴሚስተሩ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያቅርብ። መረጃው ከለጋሽና ከሚኒስቴር ውጭ የማይሄድ ከሆነ ትምህርቱን የሚያሻሽል ሰው እጅ አልገባም ማለት ነው።

ውሳኔው

ከ1 እስከ 4 ላሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ካለዎት፣ ለ5 እና ለ9 ደግሞ ሰውና በጀት ከመደቡ ይፈርሙ። ትርጓሜዎቹና መነሻ መረጃው ከጎደሉ ጥቂት ወራት ይጠይቁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሠንጠረዡ ቅበላን ብቻ ቆጥሮ ምረቃንና ሥራን ከዘለለ ግን እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አይፈርሙ። ከሉሳካ ወይም ከማፑቶ ቤተሰቡን ትቶ የሚመጣ ተማሪ ዕድሜውን አምኖ ይሰጠናል። እንዴት እንደወጣ ሳናውቅ መግባቱን ብቻ ቆጥረን ገንዘብ ልንቀበልበት አይገባም።