የስልክዎን መነሻ ገጽ ከመቀየርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከሰበታ በአለም ገና በኩል ወደ ሜክሲኮ፣ ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ ወደ መርካቶ፣ ከሱሉልታ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚመላለስ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያወጣና ሲከት ይውላል። ሰዓት ያያል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ሂሳብ ያረጋግጣል፣ ቤት ይደውላል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ገጽ በኩል ነው። ስለዚህ ያን ገጽ ማሳመር ብዙዎች እንደሚሉት የወጣቶች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በደንብ የተሰናዳ ገጽ ጊዜ ይቆጥባል፣ በግድየለሽነት የተነካ ገጽ ደግሞ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ ገንዘብም ያስበላል።

መቀየር የሚቻሉት ነገሮች ሦስት ናቸው። ዊጀት መተግበሪያው ሳይከፈት ሰዓቱን፣ ቀኑን ወይም የአየሩን ሁኔታ ገጹ ላይ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። አይከን ፓክ የመተግበሪያዎቹን ምልክት መልክ ይለውጣል። ላውንቸር ግን ገጹን የሚሠራው መተግበሪያ ራሱ ነው፤ እሱ ሲቀየር ሁሉም ነገር ይቀየራል። አንድሮይድ ከሌሎች አምራቾች የሚመጡ ዊጀቶችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አይፎን ዊጀትን ወደ መነሻ ገጹ ያስገባው በ2020፣ አይከኖችን በፈለጉበት ቦታ ማስቀመጥ የፈቀደው ደግሞ በ2024 ነው። ላውንቸር መቀየር ግን አይፎን ላይ የለም። አይፎን ያለዎት ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ አይመለከትዎትም፤ የሰዓትና የቀኑ ጉዳይ ግን ይመለከትዎታል።

መጀመሪያ፦ ምን አስቸግሮዎት ነው?

በእኛ አገር ብዙ ሰው ላውንቸር የሚፈልገው ውበት አምሮት አይደለም፤ ስልኩ ይዞት የመጣው ገጽ ስላሰለቸው ነው። በአገራችን በብዛት የሚያዙት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ድርጅት፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። እነዚህ ስልኮች ያልጠሯቸውን መተግበሪያዎች የሚጠቁም ፎልደር፣ የሚቀያየር የማያ መቆለፊያ ሥዕልና የየዕለት ማሳወቂያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እነዚህን አብዛኞቹን ማጥፋት ይቻላል። መነሻ ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ተጭነው ይያዙ፣ ከሚመጣው ዝርዝር የገጹን ሴቲንግ ይክፈቱ፣ የመተግበሪያ ጥቆማ የሚለውን ያጥፉ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት በዚያው ይቆዩ። ችግርዎ በዚህ ከተፈታ አዲስ ላውንቸር አያስፈልግዎትም፤ ዳታዎም ይተርፋል።

የእኛን ሰዓትና ቀን ያውቃል?

ይህ ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ውጭ አገር የተሠሩት ያማሩ ዊጀቶች ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ሰባት ሰዓት ይላል፤ ሰኔ ላይ ሆነው እሱ ጁን ይልዎታል።

ቀኑን በተመለከተ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ዊጀቶች በፕሌይ ስቶር ሞልተዋል፤ ጥራታቸው ግን አንድ አይደለም። ከመጫንዎ በፊት ባይሆን እንኳ ከጫኑ በኋላ በአንድ ነገር ይፈትኗቸው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ባለፈው የሆነችው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን የሚቀጥለው በ2019 ዓ.ም. ነው። መተግበሪያውን ወደፊት ያሸብልሉና እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ያቁሙት። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ማለት አለበት። መስከረም 1 ካለ ሠሪው ስሌቱን አያውቀውም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁሉ በአንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል። የጾምና የበዓላት ዝርዝር የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን ይመልከቱ፤ ሚያዝያ 4 ላይ ካላገኙት ባሕረ ሐሳቡ ትክክል አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የዕቁብና የማኅበር ቀጠሮ በዚህ ቁጥር ላይ ስለሚቆም አንድ ቀን መሳሳት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰዓቱ ላይ የሚሠራው ስሕተት የባሰ ነው። ሰዓቱን በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ብዙ ሰዎች አሉ። ይህን አያድርጉ። ዋትሳፕ የስልክዎ ቀንና ሰዓት የተሳሳተ ነው ብሎ ሊያስቆምዎ ይችላል፤ በየሠላሳ ሰከንዱ ኮድ የሚያወጡት የማረጋገጫ መተግበሪያዎችም የሚሰጡት ኮድ ተቀባይነት ያጣል፤ ስሌታቸው በስልኩ ሰዓት ላይ የቆመ ነውና።

ሰዓቱን ሳይሆን የሰዓት ቀጠናውን ወደ ቦነስ አይረስ የሚቀይሩም አሉ። ሐሳቡ ብልኅ ነው፤ አርጀንቲና ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በየወቅቱም ሰዓቷን አታዛውርም። የስልኩ ውስጣዊ ሰዓት ስለማይዛባ ኮዶቹም ዋትሳፕም ይሠራሉ። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወደ ቦሌ የሚሄድ መንገደኛ ስልኩ ላይ የሚያየው የትናንቱን ቀን ነው። በቲኬትና በደብዳቤ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈውንም ከስልክዎ ሰዓት ጋር ሲያስተያዩ መሳሳት አለ። ስለዚህ እኔ የምመክረው ቀጠናውን አዲስ አበባ ላይ ትተው ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ዊጀት መጠቀም ነው።

አንድ ነገር ይጨመር። ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ቶሎ ይዘጋሉ። ዊጀቱ ትናንት ቀን ላይ ቆሞ ካገኙት ጥፋቱ የስሌት ላይሆን ይችላል። በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ያን መተግበሪያ ብቻ ያለ ገደብ እንዲሠራ ይፍቀዱለት።

የገንዘብ መተግበሪያዎችዎ የት ይቀመጣሉ?

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ኪስ ቦርሳም ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ለሚኒባስ ሾፌር የቴሌብር ቦታ ከመሪው የማይተናነስ ሆነ። ከኋላው ወረፋ እያለ ፎልደር ውስጥ የሚፈልግ ሾፌር ማደያው ላይ ስንቱን እንደሚያስቆም አስቡት። በየቀኑ የሚከፍሉበትን መተግበሪያ በመጀመሪያው ገጽ፣ አውራ ጣትዎ በሚደርስበት በታችኛው ረድፍ ያኑሩት።

አይከን ፓክ ላይ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ውጭ የተሠሩት ፓኮች ለፌስቡክና ለዩቲዩብ ያማረ ምልክት ይኖራቸዋል፤ ለቴሌብር፣ ለንግድ ባንክ፣ ለራይድና ለፈረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ነባሩን ምልክት ክብ ወይም ካሬ ውስጥ ጨፍልቀው ያስገቡታል፤ ገጹም ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ከመልኩ የሚከፋው ሌላ ነው። አጭበርባሪዎች የባንክን ምልክት ቀድተው የሐሰት መተግበሪያ መሥራት ይችላሉ። ዓይንዎ ትክክለኛውን ምልክት በየቀኑ ካላየው ሐሰተኛውን በምን ይለየዋል? የቀረውን ሁሉ እንደወደዱ ይቀይሩት፤ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችን ምልክት ግን አይንኩ።

ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቀመጠው። የመልእክት ወይም የኢሜይል ዊጀት ገጹ ላይ ካለ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ያነበዋል። ከባንክ የሚመጣው አጭር መልእክትም ቀሪ ሂሳብ ይዞ ይመጣል። በተቆለፈ ማያ ላይ የመልእክት ይዘት እንዳይታይ የሚያደርገውን ሴቲንግ ያብሩ።

ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ የሚረዳ ዘዴም አለ። *804# ብለው ቀሪ ሂሳብ የሚያዩ ወይም *999# ብለው ፓኬጅ የሚገዙ ከሆነ ቁጥሩን እንደ ሰው ስም በስልክ ማውጫ ይመዝግቡትና ከዊጀቶቹ ዝርዝር ቀጥታ መደወያ የሚለውን መርጠው ገጹ ላይ ያውጡት። በብዙ ስልኮች ላይ በአንድ ንክኪ ይሠራል።

ከየት ነው የሚጭኑት?

መናኸሪያ አካባቢ ካሉ የሞባይል ቤቶች ሃምሳ መተግበሪያ በአንዴ በዜንደር አስጭኖ መውጣት የተለመደ ነው፤ ዳታ ለማይበቃው ሰው ምክንያቱም ይገባኛል። የሚከፈልበትን ላውንቸር ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙዎች የክፍያ ጥበቃው የተሰበረበትን ፋይል ከቴሌግራም ያወርዳሉ። ጌም ወይም መዝሙር ማጫወቻ ቢሆን ጉዳቱ ምናልባት ትንሽ ይሆናል። ላውንቸር ግን ሌላ ነው። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር ይሠራል፣ የትኞቹ መተግበሪያዎች እንዳሉዎት ያያል፣ ማሳወቂያዎችን የማንበብ ፈቃድም ሊጠይቅ ይችላል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለብዎ ተደራሽነት የሚባለውን ፈቃድ ነው። ትክክለኛ ላውንቸሮችም ሁለቴ በመንካት ስልኩን ለመቆለፍ ብለው ይጠይቁታል፤ እምቢ ቢሏቸውም ሌላው ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ፈቃድ የተሰጠው መተግበሪያ ማያው ላይ የተጻፈውን ማንበብና በእርስዎ ቦታ መንካት ይችላል፤ የባንክ ገንዘብ የሚሰርቁ መተግበሪያዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ከፕሌይ ስቶር ውጭ ለተጫነ መተግበሪያ ይህን ፈቃድ ለመስጠት ሲሞክሩ ቅንብሩ የተገደበ ነው ብሎ ያስቆማል። ያ መልእክት ከመጣ እዚያው ያቁሙና መተግበሪያውን ያጥፉ። የሞባይል ቤቱ ልጅ ችግር የለውም ቢልዎትም ያጥፉ።

ከፕሌይ ስቶር የሚወርደውም ቢሆን ከጀርባው ማን እንዳለ መጠየቅ ይገባል። ኖቫ ላውንቸር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የዘርፉ ታዋቂ ስም ነበር። በ2022 ብራንች ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተሸጠ፣ በ2024 አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፣ በ2025 መሥራቹ ኬቪን ባሪ ራሱ ለቆ ወጣ። ስም ገንኖ ስለሰሙ ብቻ አይጫኑ፤ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ይመልከቱ።

ስልኩ ይሸከማል?

ሁለት ጊጋ ራም ያለው ስልክ ተጨማሪ ላውንቸር፣ የሚንቀሳቀስ የገጽ ሥዕልና አምስት ዊጀት አንድ ላይ አይችልም። ከካሜራ ወጥተው ወደ ገጹ ሲመለሱ አይከኖቹ አንድ በአንድ ሲሳሉ ካዩ ሸክሙ በዝቷል ማለት ነው። ጥቁር የገጽ ሥዕል ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውም እውነት የሚሆነው አሞሌድ ማያ ላይ ብቻ ነው፤ ርካሾቹ ስልኮች በአብዛኛው ኤልሲዲ ስለሆኑ ለውጥ አያመጣም። መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚጠቅመው በየሰዓቱ ዳታ የሚጠራውን የአየር ሁኔታ ዊጀት ማንሳት ነው።

የሌላ ሰው ስልክ ከሆነ

ከውጭ የመጣ ልጅ የእናቱን ስልክ በአንድ ምሽት አሳምሮላቸው ይሄዳል፤ እሳቸው በማግሥቱ መደወያውን ያጡታል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስልክን የሚያውቁት በቦታ ነው፤ አረንጓዴው ከታች በግራ ነው ብለው ነው የያዙት። ቦታውን ከቀየሩት ዕውቀታቸውን ወሰዱባቸው ማለት ነው። ለእነሱ የሚያስፈልገው ትልልቅ ፊደል፣ ጥቂት አይከንና የልጆቻቸው ፎቶ ያለበት ቀጥታ መደወያ ነው። ሳምሰንግ ላይ ቀላል ሁነታ የሚለው ይህንኑ ያደርጋል።

ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች ጉዳዩ የበለጠ ይጠነክራል። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ሰበታ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከሥዕል ብቻ የተሠራ ያማረ ዊጀት፣ ማያውን በድምፅ የሚያነበው ቶክባክ የሚያገኘው ጽሑፍ የለውም፤ ጣት ሲያርፍበት ዝም ይላል። እንዲህ ላለ ሰው ስልክ ካዘጋጁ ቶክባክን አብርተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከገጹ እስከ መደወያው ድረስ ራሱን ችሎ መሄድ ይቻል እንደሆነ ይሞክሩት።

መመለሻውን ይወቁ

ከመጀመርዎ በፊት ያለውን ገጽ ስክሪንሾት ያንሱ። አዲሱ ላውንቸር ካልተስማማዎት ሴቲንግ ውስጥ መተግበሪያዎች፣ ከዚያ ነባሪ መተግበሪያዎች፣ ከዚያ የመነሻ መተግበሪያ የሚለውን ከፍተው የቀድሞውን ይምረጡ። ላውንቸር ሲጠፋ ፎቶም፣ የዋትሳፕ መልእክትም፣ የተጫኑ መተግበሪያዎችም አይጠፉም፤ የሚጠፋው አደረጃጀቱ ብቻ ነው። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ግን በማንሸራተት ወደ ኋላ መመለስ ከሌላ ላውንቸር ጋር በደንብ አይሠራም፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይፈትሹ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ስልክዎ ሁለት ጊጋ ራም ካለው ላውንቸሩን ይተዉት፤ ጥቆማዎቹን አጥፍተው አንድ ጥሩ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ዊጀት ያስገቡ፣ ይበቃዎታል። አራት ጊጋና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፕሌይ ስቶር የወረደ፣ በቅርቡ የታደሰና የተደራሽነት ፈቃድ የከለከሉትን ላውንቸር ይሞክሩ። የእናትዎን ስልክ ግን ሳይጠይቋቸው አይንኩ።