«የመረጃ ቅኝ ግዛት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በህንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ከቦምቤይ ተነሥቶ ታኔ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ባቡሩ ለሕዝቡ አልጠቀመም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ተጓጉዞበታል። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ መስመሮች ሲዘረጉ የታሰበው ጥጡንና ሌላውን ጥሬ ዕቃ ከመሀል አገር ወደ ወደብ ማውረድ፣ ወታደርንም ወደ መሀል አገር ማድረስ ነበር። ከወደቡ ወደ ላንክሻየር ፋብሪካዎች የተጫነው ጥጥ ጨርቅ ሆኖ ተመልሶ ለህንዳውያን ይሸጥ ነበር።

ኒክ ኩልድሪና ኡሊሴስ ሜሂያስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን የመረጃ አሰባሰብ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጋር አያይዘው «የመረጃ ቅኝ ግዛት» ብለውታል። በቅኝ አገዛዝ የፈሰሰው ደም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ጥጥ ሲወሰድ ከገበሬው እጅ ይወጣል፤ መረጃ ግን ቢገለበጥ ከምንጩ አይጎድልም። ታዲያ የተወሰደው ምንድን ነው?

መልሱን ለመረዳት የጋዝን ጠባይ እናስታውስ። ስለ አንዲት ሞለኪውል የሙቀት መጠን መናገር ትርጉም የለውም፤ የሙቀት መጠን የብዙ ሞለኪውሎች አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት መለኪያ ነውና። የአንድ ሰው አንዲት ጠቅታም እንደዚሁ ከቁጥር አትገባም። የመቶ ሚሊዮኖች ጠቅታ በአንድነት ሲጠና ግን ማን ምን ሊገዛ እንደሚችል ለመተንበይ ያስችላል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ግለሰቡ የጎደለበት ነገር ስለሌለ አይሰማውም። ሀብቱ ያለው በድምሩ ውስጥ ነው፤ ድምሩን የሚያየው ደግሞ መተላለፊያውን የያዘው ነው።

ወደ ህንድ እንመለስ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድ የአገሪቱ የስልክ ኩባንያ ጋር በመተባበር፣ በኋላ «ፍሪ ቤሲክስ» የተባለውን አገልግሎት ያለ ክፍያ አቀረበ። ተጠቃሚው የሚያገኘው የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ ሲሆን፣ ግንኙነቱም በፌስቡክ ሰርቨሮች በኩል ያልፍ ነበር። «ለድኻ ምንም ከማጣት ይሻላል» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ለባቡሩም ቢሆን ተመሳሳይ መከራከሪያ ይቀርብለታል። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 አሠራሩን ከለከለ። የፌስቡክ የቦርድ አባል ማርክ አንድሪሰንም ፀረ ቅኝ አገዛዝ አቋም የህንድን ሕዝብ በኢኮኖሚ እንደጎዳ በትዊተር ጻፉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጽሑፉን አንሥተው ይቅርታ ጠየቁ። ንጽጽሩን እንግዲህ ያነሡት ተቺዎች ብቻ አልነበሩም።

የባለሥልጣኑ ውሳኔ ግን የቆመው በታሪፍ አድልዎ ላይ ነበር። በመተላለፊያው ላይ ስለሚሰበሰበው መረጃ የወሰነው ነገር የለም፤ ህንድ ለግል መረጃ ጥበቃ ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣችው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።