በአንድ እይታ አንፍረድ



ጥር ላይ እኩለ ሌሊት ለተሀጁድ ስትነሱ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ሆናችሁ ቀና በሉ። ከአናታችሁ አጠገብ፣ ያለ ቴሌስኮፕ የማትታይ ዩ ጀሚኖረም የምትባል ኮከብ አለች። ብርሃኗ ከ300 ዓመት ገደማ በፊት፣ ጎንደር መናገሻ ሳለች የተነሳ ነው።

አንድ ትምሰል እንጂ ሁለት ናት፦ ነጭ ድንክ የሚባል የሞተ ኮከብ ቅሪትና ጓደኛው። በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራሉ። ድንኩ የጓደኛውን ጋዝ እየሳበ በዙሪያው እንደ ምጣድ ዘርግቶ ያከማቻል። ጋዙ ሲበዛ ይግልና ወደ ድንኩ ይጎርፋል፤ ያኔ 100 እጥፍ ገደማ ትደምቃለች። ይህ በአማካይ በ100 ቀን ገደማ አንዴ ይሆናል። ጸጥ ባለችበት ጊዜም ብርሃኗ በደቂቃዎች ውስጥ ይዋዥቃል።

ጆን ራስል ሃይንድ በ1855 እ.ኤ.አ. ደምቃ አገኛት፤ በቀናት ውስጥ ደበዘዘች። አንድ ሌሊት ብቻ አይቶ ቢተዋት ተራ ኮከብ ትመስለው ነበር። ዛሬም ተመራማሪዎች ይከታተሏታል።

እኛስ? ወንድማችንን አንድ ሱብሒ ከሶፍ ስናጣው፣ የእህታችንን አንድ ፖስት ስናይ ስንቴ ፈርደናል? ለኮከብ አንድ እይታ ካልበቃ፣ ለሰው እንዴት ይበቃል? ዛሬ ከሱእ ዘን በፊት ደውለን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁሙዓ!