የከፋ ከፍታና የሞተር ጉልበት፦ የላንድ ክሩዘርና የላንድ ሮቨር ንጽጽር

በከፋ ዞን ምጥ የያዛትን እናት ከሩቅ ቀበሌ ቦንጋ ወደሚገኘው ሆስፒታል ማድረስ፣ ክትባትን ቅዝቃዜው እንደተጠበቀ እስከ ጤና ኬላ ማዳረስ በክረምት ጭቃ የሚፈተን ሥራ ነው። ስለሆነም ከሁለት አሮጌ መኪኖች የትኛው ተጠግኖ ያገልግል የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ገጠር የታወቁ ሁለት የናፍጣ መኪኖችን፣ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 75ንና ላንድ ሮቨር ዲፌንደር 110ን፣ ከፋብሪካ መግለጫቸውና ከአካባቢው ከፍታ አንጻር ያነጻጽራል።

ለንጽጽሩ የተወሰደው የላንድ ክሩዘር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው 1ኤችዜድ ነው። ስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ መጠን ሲኖረው ቱርቦ የለውም፤ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበትና በደቂቃ 2,200 ዙር 285 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ኃይል ይሰጣል። የላንድ ሮቨሩ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው 300 ቲዲአይ ነው። አራት ሲሊንደርና 2,495 ሲሲ ብቻ ቢኖረውም በቱርቦ ታግዞ 111 የፈረስ ጉልበትና በ1,800 ዙር 265 ኒውተን ሜትር ያመነጫል። በወረቀት ላይ ብልጫው የላንድ ክሩዘሩ ነው።

እነዚህ አኃዞች ግን የተሰጡት ለባሕር ወለል በቀረበ የአየር ግፊት ነው። ቦንጋ የምትገኘው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በ15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ የማዞር ኃይሉ በግምታዊ ስሌት ወደ 240 ኒውተን ሜትር ይወርዳል፤ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ካልተመጠነም ጥቁር ጭስ ይበዛል። ቱርቦ በአንጻሩ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ጉድለቱን ያካክሳል። ስለዚህ ከጎጀብ ሸለቆ ወደ ቦንጋ በሚያወጣው ዳገት ላይ የትልቁ ሞተር ብልጫ ይጠብባል። ናፍጣው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭም ላንድ ሮቨሩ በነዳጅ ቁጠባ ይሻላል።

የጭቃው ፈተና ሌላ ነው። ቱርቦ የሚያግዘው ሞተሩ በቂ ዙር ሲያገኝ በመሆኑ፣ ጭነት ይዞ በዝግታ ለመሳብ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚጎትተው ትልቁ ሞተር ይመረጣል። በሌላ በኩል ላንድ ሮቨሩ አራቱንም ጎማዎች ዘወትር ሲያሽከረክር፣ በላንድ ክሩዘሩ የፊት ጎማዎች የሚያግዙት ሾፌሩ ሲያስገባቸው ብቻ ነው።

በጥገና ረገድ ላንድ ክሩዘሩ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው፤ የተሰበረውን ቅጠል ብቻ ነጥሎ መቀየር ይቻላል። የላንድ ሮቨሩ ሞላ ለታማሚ ምቾት የተሻለ ቢሆንም ሲሰበር ሙሉ በሙሉ መተካት አለበት። በሁለቱም ሞተሮች ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር የሚያናብበው ቺንግያ ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩ ስለሚጎዳ፣ የተቀየረበት ጊዜ ያልታወቀ መኪና ለሩቅ ጉዞ ሊታመን አይገባም።

በመሆኑም በከፋ የሲሲ መጠን ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። በዋናው መንገድ ዳገት ለሚመላለስ አገልግሎት ላንድ ሮቨሩ፣ ከጋራዥ ርቆ ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ደግሞ ላንድ ክሩዘሩ ይመረጣል። የጥገና በጀት ከመመደቡ በፊት ሁለቱም ሙሉ ጭነት ይዘው በጎጀብ ዳገት ቢፈተኑ፣ ውሳኔው ከወረቀት ይልቅ በመንገዱ ላይ ይመሠረታል።